ከቢቸና ሆኜ ሞጣ ላይ የዘጋሁት

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ዛሬ ጠዋት ግን ጽፌው ነበር። ጽፌ ጨረስኩና በገዛ እጄ አጠፋሁት።

እንዴት መሰላችሁ? ላፕቶፔ ላይ ሬዲዮ የምሰማበት ፕሮግራም ድንገት ተገትሮ ቀረ። አንዲት ቃል ላይ ተጣብቆ ይንተባተባል፤ ልዝጋው ብል እንቢ አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ትንሽ ይታገሥ ነበር። እኔ ግን የድሮ ባለሙያ አይደለሁም? ጥቁሩን መስኮት ከፈትኩ፤ ያን ሥዕልም የሚነካ ቁልፍም የሌለበትን፣ ትእዛዝ በጽሑፍ ብቻ የሚሰጥበትን። በኮምፒውተሩ ውስጥ እየሠሩ ያሉትን ሁሉ አስዘረዘርኩ። እያንዳንዱ ከነመለያ ቁጥሩ ተሰልፎ መጣ። የሬዲዮውን ቁጥር አይቼ፣ ይህን ዝጋ፣ በግድ ዝጋ ብዬ አዘዝኩ። መነጽሬ ግን ግንባሬ ላይ ነበር። የጻፍኩት የሬዲዮውን ሳይሆን ከሱ በላይ የተሰለፈውን፣ ኑዛዜዬን የምጽፍበትን ፕሮግራም ቁጥር ነው። ሬዲዮው እየተንተባተበ ቀረ፣ ኑዛዜው ሄደ።

ሴቭ አላደረግህም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ዕድሜውን በሙሉ ሰውን ለምን ሴቭ አላደረጋችሁም እያለ ሲቆጣ የኖረ ሽማግሌ ራሱ ሴቭ ያደርጋል ብላችሁ ነው? ባለቤቴ ከጓዳ ሆና ብቻህን ምን ያስቅሃል አለችኝ። ምንም አልኳት። ምንም ማለት ለምጄበታለሁ።

ስለዚህ ይህ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው ያምር ነበር። በእሱ ላይ እኔ ትንሽ ሻል ያልኩ ሰው ነበርኩ።

ለንስሐ አባቴ ለምን አልተናገርክም የሚል ይኖራል። በአንድ በኩል ተናግሬያለሁ። ዋሽቻለሁ አልኳቸው። በምን ጉዳይ አሉኝ። በሥራ ጉዳይ አልኩ። ሽማግሌ ናቸው፣ ጥቁር መስኮት ምን እንደሆነ ማስረዳቱ ከኃጢአቱ ይረዝማል ብዬ ለራሴ ሰበብ ሰጠሁና ዝም አልኩ። ጥቂት ስግደት ሰጡኝ። ሰገድኩ፣ ጉልበቴን አመመኝ፣ ጉልበቴን ሲያመኝ ደግሞ የተከፈለ መሰለኝ። ምን ተከፈለ? የሰገድኩት ስም ለሌለው ውሸት ነው። ለሷ አልነበረም። እሷ ማለት ሐያት ናት።

ሐያትን ላስተዋውቃችሁ። ጊዜው እኔ ጡረታ ሳልወጣ ነው። የምሠራበት ድርጅት ስሙ ይቅርና ለገበሬ ምርጥ ዘር የሚያቀርብ ነበር። ዋናው ቢሮ እዚህ ቢቸና፣ ቅርንጫፉ ሞጣ። እኔ የኮምፒውተር ኃላፊ ተብዬ ቢቸና እቀመጣለሁ። ኃላፊ ሲባል ከሥሬ ሰው ያለ እንዳይመስላችሁ፤ ከሥሬ የነበረው ወንበር ብቻ ነው። ሐያት ሞጣ ቅርንጫፍ በኮንትራት የተቀጠረች የመረጃ ጸሐፊ ነበረች። ከሞጣ የቆዩ የሙስሊም ነጋዴ ቤተሰቦች ልጅ ናት። አባቷ አርፈዋል፣ ሱቃቸው ተዘግቷል፣ እናቷን የምታስተዳድረው እሷ ነበረች። ኮንትራቷ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል፤ የቅርንጫፉ ኃላፊ አቶ ሙሉዓለም በቋሚነት እንደሚያስቀጥራት ቃል ገብቶላታል። መላው ሞጣ ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። አውቅ ነበር። ይህን ቃል አስምሩበት።

ሥራዋ እንዲህ ነው። ገበሬው በገበያ ቀን ይመጣል፣ ተራውን ይዞ መስኮቷ ፊት ይቆማል፣ ስሙን፣ ቀበሌውንና የሚፈልገውን ዘር በቃሉ ይነግራታል፣ እሷ ኮምፒውተሩ ላይ ታስገባለች። ወረቀት የለም። ዘመናዊ ሆነናል ብለን ወረቀቱን ያስቀረነው እኛው ነን፤ ሐሳቡን ያቀረብኩትም እኔ ነኝ፣ ተጨብጭቦልኛል።

የኔ ሥራ ደግሞ በየሳምንቱ መጨረሻ ሞጣ ላይ የተመዘገበውን በኔትወርክ ወደ ቢቸና መገልበጥ ነበር። ለመገልበጥ የመመዝገቢያው ፕሮግራም መዘጋት አለበት። ደንቡ ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ ስልክ ይደወላል፣ ሞጣ ያለው ሰው ሥራውን ያስቀምጣል፣ ፕሮግራሙን ራሱ ይዘጋል፣ ከዚያ ይገለበጣል። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። እንደምታዩት በወረቀት ላይ ጎበዝ ነበርኩ።

ነገሩ በተፈጠረበት ሳምንት የጁቤ ላይ የወዳጄ ልጅ ሠርግ ነበር። ሠርጉ ከግልበጣው ቀን በማግሥቱ ነው፣ እኔ ግን ከዋዜማው ልደርስ ቸኩያለሁ፤ ዋዜማ ላይ የሚቀርበው ጠላ ከሠርጉ ቀን ጠላ እንደሚሻል ልምድ ነበረኝ። የየጁቤው መኪና ሊነሣ ነው። ቢሮዬ ገብቼ ግልበጣውን ጀመርኩ፣ ፋይሉ በሥራ ላይ ነው ብሎ መለሰኝ። ሞጣ ላይ ሰው አለ ማለት ነው። የገበያ ቀን ነበርና ይኖራል።

ስልኩ እጄ አጠገብ ነበር። ብደውል ሐያት፣ ጋሼ ይሁኔ ትንሽ ይታገሡኝ፣ ገበሬዎቹ ተሰልፈዋል እንደምትለኝ አውቃለሁ። ትክክልም ትሆን ነበር። ትክክል እንደምትሆን ስላወቅሁ ነው ያልደወልኩት። ሰው እንደዚህ አስቦ ይወስናል ወይ? እኔ ወስኛለሁ።

ጥቁሩን መስኮት ከፈትኩ። የሞጣውን ኮምፒውተር ስም ጽፌ፣ በሱ ላይ ምን እየሠራ እንደሆነ ከነባለቤቱ እንዲያሳየኝ ጠየቅሁ። ዝርዝሩ መጣ። የመመዝገቢያው ፕሮግራም እዚያ አለ፣ በትይዩው የተጠቃሚው ስም ተጽፏል። ሐያት ይላል።

በመጀመሪያው ጽሑፌ ላይ ስሟን አላየሁም ብዬ ነበር። ዓይኔ ደክሞ ነበር፣ ምናምን። እዚህ ግን ልናገር፤ ስሟን አይቻለሁ። አንብቤዋለሁ። ያኔ መነጽርም አላደርግም ነበር።

አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። በፊታችሁ ባለው ኮምፒውተር ላይ አንድን ፕሮግራም በትእዛዝ ስትዘጉ በደህና ዝጋ ማለትም በግድ ዝጋ ማለትም ይቻላል። በደህና ሲባል ፕሮግራሙ ይጠይቃል፤ የሠራኸው አልተቀመጠም፣ ላስቀምጠው ወይ ይላል። በሩቅ ኮምፒውተር ላይ ሲታዘዝ ግን ያ ምርጫ የለም። ከሩቅ የሚዘጋው ሁሉ በግድ ነው የሚዘጋው። ማንም አይጠየቅም። ይህን ከኔ በላይ የሚያውቅ ሰው በቢሮው አልነበረም። ከኔ በታች የሚያውቅም አልነበረም፣ ብቻዬን ነበርኩ።

ዘጋሁት። ትእዛዙን ጻፍኩ፣ ቁልፉን ተጫንኩ፣ ተሳክቷል የሚል መልስ መጣ። ዝርዝሩን ደግሜ ባስመጣ ስሟ የለም። ፋይሉን ገለበጥኩ፣ ሳላየው ኮምፒውተሬን አጥፍቼ ወጣሁ። የየጁቤው መኪና ላይ ወንበር አገኘሁ። ጠላውም እንዳልኩት ነበር።

ሰኞ ስመለስ ሞጣ ተተራምሷል። እኔ የዘጋሁት ፕሮግራሙ ወደ ፋይሉ በሚጽፍበት ቅጽበት ኖሯል፤ ፋይሉ ተበላሸ፣ የሳምንቱ ምዝገባ በሙሉ አይከፈትም። እኔ የገለበጥኩትም ያንኑ የተበላሸውን ነው። ገበሬው ስሙን ነግሮ ወደ አገሩ ሄዷል። ሥራ አስኪያጁ ጠራኝና ሞጣ ሄደህ ምን እንደተፈጠረ አጣርተህ ና አለኝ። አጣሪ አደረገኝ። በቢሮው ያለሁት ባለሙያ እኔ ነኝ፣ ሌላ ማንን ይላክ?

በዚያች ደቂቃ ብናገር ምን እሆን ነበር? አንድ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ፣ ቢበዛ። ያኔም አስቤዋለሁ። አንድ ደብዳቤ ነው ብዬ አስቤ፣ ደብዳቤውን እንኳ ለመቀበል ሳልፈልግ ቀረሁ።

ረቡዕ ሄድኩ። ደብረ ወርቅ ላይ መኪናው ለቁርስ ሲቆም የእንቁላል ፍርፍር አዘዝኩ። ረቡዕ ጾም መሆኑን አልረሳሁም፤ መንገደኛ ነኝ ብዬ ለራሴ ፈታሁት። ለራሴ መፍታት ላይ ያኔም ሊቅ ነበርኩ። ሞጣ ስደርስ የምሳ ሰዓት ሊሆን ነው፣ አቶ ሙሉዓለም ስብሰባው ከሰዓት በኋላ ነው አለኝ። ሐያት መጣች። ዓይኗ አብጧል። ቢሆንም ቤት እያለ እንግዳ ሆቴል አይበላም ብላ ይዛኝ ሄደች።

እናቷ እትዬ ረሕማ ምሳውን አቅርበው ቆዩኝ። ሽሮ ነው፣ ጎመን ነው፣ ሁሉም በዘይት። እጄን ስታጠብ ጠጋ ብለው እንዲህ አሉኝ፦

«ድስቱ የኛ አይደለም። ከጎረቤታችን ከእትዬ ጥሩነሽ ተውሼ ነው የሠራሁበት፤ ሥጋችን አልነካውም። ጾምዎን ነው ብዬ ነው፤ ሳይጠራጠሩ ይብሉ።»

በላሁ። የደብረ ወርቅ እንቁላል ሆዴ ውስጥ እያለ፣ አንዲት ሙስሊም እናት ለኔ ጾም ብለው ከክርስቲያን ጎረቤት በተዋሱት ድስት የሠሩትን በላሁ። ጨምሩልኝም አልኩ። ስለ ልጃቸው ነገር አንዲት ቃል አላወጡም። ቢያወጡ ኖሮ ምናልባት ይቀልለኝ ነበር፣ ይለምኑኛል ብዬ እቆጣ ነበርና።

ከሰዓት በኋላ ከአቶ ሙሉዓለም፣ ከሐያትና ከቅርንጫፉ ሠራተኞች ጋር ቢሮው ውስጥ ተቀመጥን። እኔ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ፣ የተሠራበትን ሁሉ የሚመዘግብበትን ፋይል ገላለጥኩ። ከሩቅ እንደተዘጋ የሚያመለክት ነገር ነበር። የሚያነበው ሰው ግን እዚያ አልነበረም፤ ከኔ በቀር። አቶ ሙሉዓለም ምን አገኘህ አለኝ። እኔ ከመመለሴ በፊት ሐያት ተናገረች።

«ጋሼ ይሁኔ፣ እኔ አልነካሁትም። አንድ ሰውዬ ስሙን እየነገረኝ፣ ዓይኔ እያየ ጠፋ።»

እኔም እንዲህ አልኩ፦

«ኮምፒውተር በራሱ አይዘጋም፣ ልጄ። ሰው ነው የሚዘጋው።»

እውነት ተናገርኩ። በሕይወቴ ከተናገርኩት እውነት ሁሉ የከፋው ይህ ነው። ሰው ነው የሚዘጋው፤ ያ ሰው እኔ ነኝ፤ እኔ ግን እሷን እያየሁ ነበር የተናገርኩት። ሌሎቹም እኔ ወዳየሁበት አዩ።

ትጮኻለች ብዬ ነበር። ትከራከራለች፣ ትሰድበኛለች ብዬ። እሷ እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ተመለከተቻቸው።

«እንግዲያው ሳላውቀው ነክቼው ይሆናል» አለች።

አመነችኝ። ከራሷ ዓይን ይልቅ እኔን አመነች። ምክንያቱ ደግሞ ግልጽ ነው፤ ባለሙያው እኔ ነበርኩ።

ኮንትራቷ አልታደሰም። ገበሬዎቹ ተመልሰው ተመዘገቡ፤ ወሬው ያልደረሳቸው በዚያ ዓመት ዘር ሳያገኙ ቀሩ። ሥራ አስኪያጁ ለፈጣኑ ማጣራት አመሰገነኝ። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ መጀመሪያ እደውል ነበር፤ ሰው ሁሉ የይሁኔ ጥንቃቄ ይል ነበር። ጥንቃቄዬን ያስተማረችኝ ማን እንደሆነች አልተናገርኩም። ጡረታ ስወጣ ካባ አለበሱኝ። ካባው ሰፊ ነበር፣ ብዙ ነገር ይሸፍናል።

እንዲህ ሆኖ እስከ ባለፈው ወር ቆየ። ባለፈው ወር የድሮ የሥራ ባልደረባ አርፎ ለቅሶ ልደርስ ሞጣ ሄድኩ። ከለቅሶው ስመለስ መናኸሪያው አጠገብ አንዲት ትንሽ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሱቅ አየሁ። መስታወቱ ውስጥ ሐያት ተቀምጣለች። ማለፍ እችል ነበር። እንዳላልፍ ያደረገኝ ድፍረት ነው ብዬ አልዋሽም፤ ዝናብ ጀምሮ ነበር።

ወዲያው አወቀችኝ። ጋሼ ይሁኔ ብላ ተነሣች፣ ወንበሯን ለቀቀችልኝ፣ ስለ ጤናዬ ጠየቀችኝ። እናቷ ማረፋቸውን ነገረችኝ። አንድ ሰው ማመልከቻ ሊያስጽፍ ቆሞ ስለነበር ይቅርታ ጠይቃኝ መጻፍ ቀጠለች። እኔ ከጀርባዋ ቁጭ ብዬ እጆቿን አያለሁ። ፈጣን ናቸው። ግን አንዲት መስመር በጻፈች ቁጥር ግራ እጇ ይመለሳል፣ ሴቭ ታደርጋለች። መስመር ትጽፋለች፣ ሴቭ። መስመር፣ ሴቭ። ቁልፉ ላይ ያለው ፊደል ተፍቆ አልቋል፣ ነጭ ሆኗል። አስባ የምታደርገው አይደለም። ደንበኛው እንኳ ተሰላችቶ፣ ኧረ እትዬ፣ ይሄ ማመልከቻ እንጂ ሕገ መንግሥት አይደለም አላት። እሷ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። እኔ የማልስቅበት ነገር ብዙ የለም።

ሰውዬው ከሄደ በኋላ ድሮ የነበርንበት ድርጅት ሞጣ ላይ የመረጃ ክፍል ኃላፊ እንደሚፈልግ ማስታወቂያ ማውጣቱን አነሣችልኝ። ባሏ ተመዝገቢ ይላታል፤ ሥራውን ከሷ የተሻለ የሚያውቅም የለም። እኔም ተመዝገቢ እንጂ አልኳት። ለመምከር ማን ብሎኝ?

«እጄን አላምነውም ጋሼ» አለች። «እዚህ ባጠፋ የአንድ ሰው ማመልከቻ ነው፣ ደግሜ እጽፈዋለሁ። እዚያ የስንት ገበሬ ነው። ያን ጊዜ ምን እንደነካሁ እስከ ዛሬ አላውቀውም።»

የዚያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አፌ ተከፍቶ ነበር፣ እመኑኝ። የወጣው ቃል ግን ዝናቡ በረታ የሚል ነው። ኃጢአቴ አንድ ጊዜ የተሠራ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። እዚያ ወንበሯ ላይ ተቀምጬ እንደገና ሠራሁት፤ ያን ጊዜ ቸኩዬ ነበር፣ አሁን ግን የሚያስቸኩል ሠርግ እንኳ የለኝም።

የምዝገባው ጊዜ ሊያልቅ ነው። ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው። ነገ በመጀመሪያው መኪና ሞጣ እሄድና ፊቷ ቆሜ አነብላታለሁ፤ ከዚያ እሷ ከፈቀደች አብረን ድርጅቱ ሄደን ለአዲሶቹ ኃላፊዎች ደግሜ አነባለሁ። እጅሽ ምንም አልነካም፣ የዘጋሁት እኔ ነኝ፣ ከቢቸና ሆኜ፣ ስምሽን አይቼ፣ እላለሁ። ቸኩዬ ነበር አልልም። ወጣት ነበርኩ አልልም፤ ያኔም ሽበት ነበረኝ። ይቅር በይኝም አልላትም። ይቅርታ መጠየቅ ለሷ ሌላ ሥራ ማዘዝ ነው፣ ያውም በሥራ ሰዓቷ። ብትሰድበኝ እሰማለሁ፤ ዝም ብትል እሱንም እሰማለሁ። ልትመዘገብም ላትመዘገብም የሷ ነው፤ ግን በገዛ ዓይኗ ያየችውን አምና ትወስን።

እናንተም ይቅር እንድትሉኝ አልጻፍኩም። ደግሞ እናንተ በቀላሉ ይቅር የምትሉ አይደላችሁም፣ አውቃለሁ።

አንዲት ትንሽ ነገር ትቀራለች። ያን ዕለት ዝናቡ አላባራ ሲል ሐያት ጥላዋን ሰጠችኝ። እኔ ሱቅ ውስጥ ነኝ፣ እርስዎ መንገደኛ ነዎት፣ ሌላ ጊዜ ሲመጡ ያመጡልኛል አለች። ይዤው መኪና ገባሁ። ግንደወይንን ስናልፍ ፀሐይ ወጣች። ቢቸና ስወርድ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበርና ጥላውን ወንበር ሥር ረስቼው ወረድኩ። መናኸሪያው ተመላልሼ ጠየቅሁ፣ ያየ የለም።

ጥቁር ነው፣ እጀታው የእንጨት። የናቷ እንደነበር ነግራኛለች። ዛሬ ከሰዓት እሱን የሚመስል ፍለጋ ገበያውን ሁሉ ዞርኩት፤ ቢቸና ያለው እጀታው የፕላስቲክ የሆነ ብቻ ነው።